ማስተካከያ፦ ሽጉጡ ባሕር አልገባም

ባለፈው ስለ ኮሎምቦ፣ ስለ አሜሪካው የመርማሪ ፖሊስ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ስጽፍ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. በታየው ክፍል ላይ፣ የኮሪያ ዘማቹ ጡረተኛ ጄኔራል ሆሊስተር «ሽጉጡን ባሕር ወረወረው» ብዬ ነበር። ባሕር የገባው ጄኔራሉ የገደለው ኮሎኔል ሬሳ ነው። ሽጉጡማ፣ ያ የሉል እጀታ ያለው፣ ለራሱ ጀብዱ በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ በክብር ተቀምጧል! ሰውዬው መጣል አላስቻለውም፤ ኮሎምቦም የያዘው በዚሁ ነው።

ሌላው፣ ኮሎምቦን ሆኖ የተጫወተውን ፒተር ፎክን «በጦር ሜዳ የተዋጋ» ማለቴ ነው። ፎክ ቀኝ ዓይኑን ያጣው በ3 ዓመቱ ስለሆነ ወታደር መሆን አልቻለም። በንግድ መርከብ ላይ ግን ወጥ ቤት ሠርቷል። ያምታታሁት ከኤዲ አልበርት ጋር ነው፤ ጄኔራሉን ሆኖ ከተጫወተው። እሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በፓሲፊክ ውቅያኖሷ ታራዋ ላይ ጀልባ እየነዳ፣ ጥይት እየዘነበ፣ የቆሰሉ ማሪኖችን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮችን) ከውሃ ያወጣ ነው።