ስምንተኛው ጾም

የጥምቀት ታቦት በገባ በሳምንቱ እሑድ እናቴ ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ ስታቁላላው ያደረችውን የዶሮ ወጥ አቀረበች። እዚህ ደብረ ማርቆስ በጥር ወር ዶሮ ወጥ እንቢ የሚል ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከወጡ ሠሪ ጋር ተጣልቷል። የእህቴ ልጅ ግን ጤነኛ ናት፤ ከአያቷ ጋርም የተጣላችው ነገር የለም።

«እምዬ፣ እኔ ይቅርብኝ፤ ቅድም ሰላጣ በልቻለሁ» አለች።

እናቴ የጠቀለለችው ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ለአፍታ ያህል ጣሪያውን እያየች በልቧ የምታሰላው ነገር ነበር።

«ገሃድ አልፏል» አለች። «ነነዌ ገና ነው። ዛሬ ረቡዕ አይደለም፤ ዓርብም አይደለም። እኔ የማውቃቸው አጽዋማት ሰባት ናቸው። ይህ ስምንተኛው የማን ነው?»

«የቀሚሱ ነዋ፣ እምዬ። ለሰርጉ ሚዜ አይደለሁ? እስኪገባኝ ድረስ ነው።»

«መቼ ነው የሚፈታው?»

«ከሰርጉ በኋላ።»

«ሲፈታስ ምን ይታረዳል?»

ልጅቱ ሳቀች፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። ጉርሻው በመጨረሻ እኔ አፍ ገባ። በቤታችን ባለቤት ያጣ ጉርሻ ሁሉ መድረሻው ወደ እኔ ነው።

ቀሚሱን አውቀዋለሁ። በዋናው መንገድ ዳር ካለ አንድ ቡቲክ መስታወት ውስጥ አንዲት ነጭ አሻንጉሊት ለብሳው ቆማለች። ከአሻንጉሊቷ ራስ በላይ ትልቅ የታተመ ሸራ ተወጥሯል፤ በሸራው ላይ ያለችው ሴትም ያንኑ የሚመስል ቀሚስ ለብሳለች። የሸራዋ ሴትዮ እግር ከደጀን ተነሥቶ ማርቆስ የሚደርስ ይመስላል። ወገቧ በአንድ እጅ ይያዛል። ፊቷ ላይ ብጉር የለም፣ ጠባሳ የለም፣ ላብ የለም፤ ከፀሐይም ከብርድም ጋር ተዋውቃ አታውቅም። የእህቴ ልጅ ታክሲ በጠበቀች ቁጥር ከዚህች ሴትዮ ጋር ፊት ለፊት ትቆማለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ስልኳ ውስጥ አርባ እህቶቿ ይጠብቋታል።

እኔ ግን አሻንጉሊቷን የማውቃት ከጀርባዋ ነው። የቡቲኩ መስታወት ወደ ጎን ዞሮ ቅያሱን ያያል፤ ቅያሱ ላይ ደግሞ ጀበና የምታፈላ ሴት አለች። ማታ ማታ እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ ቡና እጠጣለሁ። ከፊት ሲያዩዋት ቀሚሱ እንደ ቆዳዋ የተጣበቀላት ያች ቆንጆ፣ ከጀርባዋ አራት ሰማያዊ የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቶባታል። ሁለቱ በትከሻዋ መካከል፣ አንዱ ወገቧ ላይ፣ አንዱ ከዚያ ዝቅ ብሎ። የተረፈው ጨርቅ እንደ ታሰረ የጆንያ አፍ ተጨማድዶ ተንጠልጥሏል። እንግዲህ ፋብሪካ ለቀሚስ መስቀያ ብሎ የሠራት፣ ሆድ ዕቃ የሌላት፣ ከተሠራች ጀምሮ ፍርፋሪ ያልቀመሰች ፕላስቲክ እንኳ ቀሚሱ በልኳ አልሆነም። የእህቴ ልጅ እየጾመች ያለችው ለዚህ ነው።

ስለ ሸራዋም ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ዓመት ስትመረቅ በራቸው ላይ ቆማ ፎቶ ተነሣች። ፎቶ አንሺው ለገንዘቡ የሚታመን ሰው ነውና በኮምፒውተሩ ወገቧን ገባ፣ ክንዷን ቀጠን፣ ጉንጯን ሰብሰብ አደረገላት። ችግሩ ወገቧ ሲገባ ከኋላዋ ያለው የበር መቃን አብሮ ገባ። ፎቶው ተሰቅሎ፣ ጠላ ቀርቦ፣ ሁሉም «ታድላ!» ሲል እናቴ ጠጋ ብላ አየችና ለባለቤቲቱ በጆሮዋ «እኅቴ፣ ይህ ቤት ሳይወድቅባችሁ መቃኑን ለአናጢ አታሳዩትም?» አለቻት።

ፈረንሳዮች ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የሞዴል ገላ በኮምፒውተር ቀጥኖ ወይም ወፍሮ የሚታይበት የንግድ ፎቶግራፍ «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህን ያላደረገ ቅጣቱ 37 ሺህ 500 ዩሮ ይደርሳል። ኖርዌይም በ2022 ተከትላለች። ይህን ሳነብ በገበያችን ቀናሁ። ጎጃሜ ሸማች በሚገዛው ነገር ማንንም አያምንም። ቅቤ ሻጯ ፊት ተቀምጣ በጣቷ ትቆነጥራለች፣ ታሸታለች፣ መዳፏ ላይ ታሻለች፤ ሙዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ሰፈር ይሰማል፣ ፖሊስ ይጠራል። ማሩን ስኳር ነው ብላ ትጠረጥራለች። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ከተባለ አገር ይታመሳል። ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር መጨመር ወንጀል ነው፤ ከሴት ልጅ ላይ ወገብ መቀነስ ግን ማስታወቂያ ይባላል። ያንን ሸራ ጠጋ ብሎ ያሸተተው አንድም ሰው የለም።

አሁን «ድሮ ቀረ! የድሮ ቁንጅና ጥሩ ነበር» የሚል አንባቢ ካለ ደስታውን ላበላሽበት ነው። የድሮውም ሚዛን የሰው ልጅ ገላ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ነበር፤ ልዩነቱ ወደ ሌላ በኩል ማድላቱ ነው። ሞላ፣ ደልደል ያለች፣ ባቷ የሚታይ፣ ሎሚ ተረከዝ ሴት ነበረች የምትፈለገው። አክስቴ በተፈጥሮዋ ቀጭን ነበረች። ልጅነቷን ሙሉ በየማለዳው በባዶ ሆዷ የአብሽ ውሃ ሲግቷት አደገች፤ እስካሁን የአብሽ ሽታ ሲመጣባት ፊቷን ታዞራለች። በሰርጓ ዕለት አማቾች ፊት እንዳታሳፍር ሦስት ቀሚስ ደራርበው አልብሰዋታል። በሙቀቱ ራሷን ስታ ልትወድቅ ስትል «ሙሽራዪቱ እንዴት ዓይን አፋር ናት!» ተብሎ ተመሰገነች። ያን ጊዜ ይደራረባል፤ ዛሬ ይቆነጠጣል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት ስትሆን ዓለም አጨበጨበላት። እናቴ ፎቶዋን ያየች ቀን ግን «መልኳስ የተባረከ ነው፤ ምነው እናቷ አጠገብ በሆነች» ብላ አዘነችላት። እኛ ሰፈር ብትሆን ከአብሹ አታመልጥም ነበር።

ሚዛኑ ሲገለበጥ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ። ፊጂ የምትባል የደሴት አገር አለች፤ ሰዎቿ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ጋር የሚዛመዱ ይመስለኛል። እንግዳ ሲመጣ ብላልን፣ ጨምርልን ይላሉ፤ ልጅ ከከሳች ቤተሰቡ ይሸበራል፣ መድኃኒት ይፈለግላታል። አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ናድሮጋ በሚባለው ክፍለ ሀገራቸው ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 (እ.ኤ.አ.) ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች። ለመክሳት ብላ ምግብ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትጠይቅ ከመቶ 11ዱ ይህን እናደርጋለን አሉ፤ ከመቶ 74ቱ ደግሞ ቢያንስ አንዳንድ ጊዜ «ወፍሬያለሁ» ብለው ያስባሉ። ሦስት ዓመት ማለት እኛ ዘንድ አንድ የዕድር ድንኳን ለመግዛት የሚወስደው ስብሰባ ነው። ያውም ያኔ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲፈልጉ የሚያጠፉት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳይ ቴሌቪዥን ነበር፤ የእህቴ ልጅ ስልክ ግን ትራሷ ሥር ያድራል፣ የምትፈራውንም አጥንቶ ያውቃል።

እናቴ ስለ ፊጂ አልሰማችም፤ ምርመራዋን ግን በራሷ መንገድ ጀምራለች። ልጅቱ እየከሳች ስትሄድ «ዓይን ነው የበላት» አለች። ጸበል ይዛት ሄደች፣ ቤቱን አጠነች፣ ለጊዜው ከሁለት ጎረቤት ጋርም ተኮራረፈች። በዓይን አላምንም ብዬ የምከራከራት እኔ፣ በዚህኛው ግን አፌን ያዝኩ። ዓይን መሆኑ እውነት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተዛወረው። በእናቴ ዘመን ዓይን የሚበላው የሚታየውን ሰው ነበር። አሁን የሚበላው የሚያየውን ነው።

ለእኔስ? እኔ ዘንድ ማንም አልመጣም። ቀበቶዬ ላይ በሚስማር ራሴ የበሳኋቸው ሦስት ትርፍ ቀዳዳዎች አሉ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል፤ ሰዉም «ተመችቶሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። የቀበሌያችን ሽማግሌዎች ቦርጭን እንደ ቁጠባ ደብተር ነው የሚያዩት። በወንዶቹ ልብስ መደብር በር ላይ የቆመው አሻንጉሊት ጭንቅላት እንኳ የለውም፤ እርሱን አይቶ ግን ራሱን እቆርጣለሁ ያለ ወንድ አልሰማሁም። ስለዚህ የእህቴን ልጅ «ተዪው፣ ቁንጅና የውስጥ ነው» ብዬ ለመምከር አንድ ሁለቴ አፌን ከፈትኩና በጥብስ ሞላሁት።

መካሪ ያልሆነችው እናቴ ናት። በሰርጉ ሳምንት «ቀሚስ የሚባለውን እስቲ አሳዩኝ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሦስታችን ሄድን። የቡቲኩ ልጅ ትሑት ነው፤ «ግቡ፣ እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። እናቴ ገበያ ላይ በሬ ስትገዛ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆማ ጥቂት አየች። ቀጥላ በጎን አለፈች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች፤ እዚያም ቆመች።

«ልጄ» አለች፣ «ይህች ሴትዮ ጀርባዋን ምን ነክቷት ነው?»

ሻጩ ጎንበስ አለ። «ቀሚሱ ከፊት እንዲያምር ነው፣ እማማ። ሁሉም ቡቲክ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«አይሆናትም ማለት ነው?»

«ትንሽ ይሰፋታል።»

የእህቴ ልጅም መጥታ ከአያቷ ጎን ቆማ ነበር። መቆንጠጫዎቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ ምንም አልተናገረችም። በመጨረሻ ግን ያለችው እኔ የጠበቅኩትን አልነበረም። «ከዚህ አንድ ቁጥር ከፍ የሚል አላችሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አዲስ የሆነባት ይመስል ነበር። ልጁ ከመጋዘን አመጣ፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ለብሳው ወጣች፤ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ እስክስታ ሞከረች፤ አልተቀደደም።

ዋጋው ላይ ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ እናቴ 300 ብር አስቀነሰች። ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈትታ ከቆጠረች በኋላም አልወጣችም። እጇን ወደ አሻንጉሊቷ ጀርባ አመለከተች።

«በል እንግዲህ፣ ምርቃት ጨምር። አራቱንም።»

ልጁ ግራ ገባው፤ እኔን አየ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ ነቀላቸውና ሰጣት። የአሻንጉሊቷ ቀሚስ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ እግሯ ሥር ተከመረ።

መቆንጠጫዎቹ ዛሬ ግቢያችን ሽቦ ላይ የእናቴን ነጠላ ይዘው ይውላሉ። አንዱ ጥርሱ ደካማ ነው፤ ትንሽ ንፋስ ሲመጣ ይለቃል።