ትኬት ያልቆረጠ ገምጋሚ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምገስጻችሁ በቲያትር ቤቶቻችን ጉዳይ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

በየሄድኩበት «ቲያትር ሞቷል» ስትሉ እሰማለሁ። ተዋንያኑ መጮኽ አበዙ፣ አዘጋጁ የዛሬ ስንት ዓመቱን ተውኔት አቧራውን አራግፎ ያቀርብልናል፣ የሙዚቃው ክፍል ተዳክሟል ትላላችሁ። ከዚያ ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ የአፍሪካ መዲና የምትባል ከተማ እንዴት አንድ የኦፔራ ቤት ያጣል ብላችሁ ትቆጫላችሁ። መልካም። ቲያትር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁት መቼ ነው? ይህንን ስጠይቅ አብዛኛው ሰው «በተማሪነቴ» ይለኛል። አንድ ወዳጄማ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲነቅፈው የቆየውን ተውኔት ርዕሱን እንኳ አስተካክሎ መጥራት አልቻለም። ወጡን ሳይቀምሱ ጨው በዛበት የሚል ሰው በየትኛው ቤት ይከበራል?

በቅርቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሰው ጥሩ ሱፍ ለብሰዋል፤ የመኪና ቁልፋቸውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ። ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው «እህቴ፣ የጥሪ ካርድ የለም?» አሉ። «የለም ጋሼ፣ በትኬት ነው» አለቻቸው። «ዋናውን ተዋናይ እኮ አውቀዋለሁ» አሉና ትንሽ ጠበቁ። ልጅቱ ዝም ስትል ወደ ማዶው ካፌ ተሻገሩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማኪያቶና ኬክ ሲያዝዙ ከሰልፉ ሆኜ አየኋቸው። ተዋናዩን የሚያውቁት ሰው ሥራውን አላወቁለትም።

የገባነውስ ተሻልን? መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ወንበራችንን በስልክ መብራት ስንፈልግ ቆየን። በሦስተኛው ትዕይንት አንዲት ተዋናይት የሞተ ልጇን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ትዘረጋለች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ከኋላዬ ስልክ ጮኸ። ባለቤቱ መዝጋት ሲገባው አንስቶ «ቲያትር ቤት ነኝ፣ በኋላ ደውልልኝ» አለ፤ ቀጥሎም የቤተሰቡን ጤንነት ጠየቀ። ተዋናይቱ ጋቢውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ጠበቀችው። ሲጨርስ ሰው ሳቀ። የልቅሶው ቦታ በሳቅ አለፈ። እርሷ መድረክ ላይ ሆና ልትቆጣው አትችልም፤ እኔም በጊዜው ዘወር ብዬ ከማየት በቀር አልተናገርኩም። ያኔ የዋጥኩትን ነው ዛሬ የምተፋው።

እነዚህ ቤቶች እንዴት እንደቆሙ ረስታችኋል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን በድንበራችን ጦር እያከማቸ ነበር፤ የተቋቋመውም ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለማንቃት ነው። የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር «ዳዊትና ኦርዮን» በተሰኘው ተውኔት ተከፈተ። ማዘጋጃ ቤታችን ራሱ የአርመን ተወላጁ ነርሲስ ናልባንዲያን የመራው የሙዚቃ ጓድ ነበረው። ከተማዋ ከዛሬ እጅግ በምታንስበት ዘመን ማለት ነው። ኦፔራ ባዕድ ነው የምትሉም አላችሁ። የእንግሊዛዊው የሼክስፒር ተውኔቶች «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር አማርኛ ሲናገሩ ባዕድነታቸው የት ሄደ? አውራጅና ተቀባይ ያለው፣ ታሪክን በዜማ የሚተርክ ሕዝብ ሙዚቃዊ ድራማን ሊፈራ አይገባም።

የኦፔራ ቤት ይሠራልን የምትሉት ግን ሕንፃውን ብቻ ነው የምታዩት። ኦፔራ ማለት ያለ ድምፅ ማጉያ ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ የሚሰማ ጉሮሮ ነው፤ መዘምራን ነው፤ የወራት ልምምድ ነው። ይህ ጉሮሮ የሚገራው በብዙ ዓመት ነው። የተገራው ልጅ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። ዕቅድ በተነገረ ቁጥር ታጨበጭባላችሁ፤ በዓመት ስንት ምሽት ይታያል፣ የኦርኬስትራው ተጫዋች በምን ይኖራል ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የኒው ዮርክ ከተማ ኦፔራን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው ለሠራተኛው ሕዝብ በርካሽ ትኬት እንዲዘምር ነበር፤ ከንቲባው ላጋርዲያ «የሕዝብ ኦፔራ» ብለውታል። ከ2008 እስከ 2009 አዳራሹ ሲታደስ ሙሉ ዝግጅቶቹን መድረክ ላይ ሳያቀርብ ወቅቱ አለፈ። በ2011 የኖረበትን የኪነ ጥበብ ማዕከል፣ ሊንከን ሴንተርን ለቀቀ። በ2013 ለመትረፍ 7 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈልገው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ሚሊዮን ከሕዝቡ በኢንተርኔት ለመነ። የተዋጣው 300,000 ገደማ ነበር። በጥቅምት ወር መክሰሩን አስታወቀ። በ2016 በሌሎች እጅ እንደገና ተነሥቷል፤ የቀድሞውን ግዝፈት ግን አላገኘም። የገንዘብ አያያዙም እንከን እንደነበረበት አልክድም። እኔን ያስደነገጠኝ የአዳራሹ መታደስ ነው። ተመልካች አንድ ዓመት እሑዱን በሌላ ነገር ማሳለፍ ከለመደ፣ ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ስለጠበቀው ብቻ አይመለስም። እኛ ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው የለመድነው።

ቲያትር ቤቶቹ ንጹሕ ናቸው አልልም። ልፋጭ ቀልድ በዝቷል፤ አንዳንዱ መድረክ ላይ የሚታየው የቤት ዕቃ ከሠርግ አዳራሽ የተከራዩት ይመስላል። ነገር ግን በቀልዱ የሚስቀው ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ቁም ነገር የሚፈልገው ሰው ማዶ ካፌ ተቀምጧል። አዘጋጁ ለማን ይሥራ?

ያቺ ትኬት ቆራጭ በሚመጣው እሑድም እዚያው መስኮት ውስጥ ናት። የጥሪ ካርድ አትጠይቋት። ስልካችሁን ዝጉና ግቡ፤ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሥራው ደካማ ሆኖ ካገኛችሁት ሲያልቅ አዘጋጁን በር ላይ ጠብቃችሁ በፊቱ ንገሩት። እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ፤ የምለው አለኝ።