ሁለት ሴንቲ ሜትር

ባለፈው ሳምንት ሻንጣዬ ወፍራለች ተባለች። አየር ማረፊያ፣ መሳፈሪያው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"ሻንጣዎ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል" አለችኝ ሠራተኛዋ፣ ሐኪም ክፉ ዜና ሲነግር በሚያወጣው ለስላሳ ድምፅ።

ሁለቱ ሴንቲ ሜትር ጎማዎቹ ናቸው። ሻንጣዋ ራሷማ ምንም አልበደለች፤ ጥፋቷ ጎማ ማብቀሏ ነው። ከፈልኩ። ለእሷ የከፈልኩት ለራሴ ከከፈልኩት ብዙም አያንስም። ልዩነታችን እሷ ተጋድማ መሄዷ ነው።

ታዲያ ዛሬ ላማርር አልመጣሁም። ምሬቱ እናንተም ጋ ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ላመሰግን ነው። አንዱን ቲኬት እንደ አሮጌ ሹራብ ክር በክር ተርትረው ለሚሸጡልን ጠቢባን እድሜ ይስጥልን።

ድሮ እኮ ቲኬት መግዛት ጭንቅ ነበር። መቀመጫውን፣ ሻንጣውን፣ ምግቡን፣ ብርድ ልብሱን በአንድ ላይ ያሸክሟችሁ ነበር። ማን ጠይቋቸው! ዛሬ ተመስገን ነፃ ወጥተናል። ቲኬቱ የሚያረጋግጥላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ እናንተ ውስጡ መሆናችሁን። ያውም ከተነሳ።

የዚህ ጥበብ ታሪክም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ አየር መንገድ ከእያንዳንዱ ሰላጣ ላይ አንዲት የወይራ ፍሬ ቀንሶ በዓመት 40,000 ዶላር አዳነ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ያኔ ስለ ወይራዋ ማን አለቀሰ? ወይራዋ ሄደች። ሰላጣው ተከተላት። ከዚያ ትሪው። አሁን የቀረው ትሪ ይቀመጥበት የነበረው ጠረጴዛ ነው፤ እሱም እየጠበበ ነው።

ሻንጣ ላይ የተደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ነዳጅ ሰማይ ነካ። ድፍድፍ ዘይት በዚያው ዓመት በበርሜል እስከ 147 ዶላር ገባ። ከትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች አንዱ "ቸግሮን ነው" ብሎ ለመጀመሪያዋ የጭነት ሻንጣ 15 ዶላር ጠየቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እንግዲህ ችግር ነው፣ ምን ይደረጋል! ዓመቱ ሳያልቅ ዘይቱ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። ክፍያውስ? እሱ መውረጃው ጠፋው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ አየር መንገዶች ከሻንጣ ብቻ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ለዓመታት "ሻንጣ በነፃ!" እያለ ሲያስነግር የኖረ አንድ አየር መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 እሱም ጉባኤውን ተቀላቀለ።

አሁን ወደ ምወደው ነገር ልምጣ። መሳፈሪያው በር አጠገብ ወደሚቆመው፣ የእጅ ሻንጣ ወደሚለካበት የብረት ሳጥን። ሻንጣችሁ ከገባች አለፋችሁ፤ ካልገባች ካርዳችሁን አውጡ። ይግባኝ የለም።

ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሻንጣ አልገባም አለ። አንዴ ገፋው፣ እንቢ። በጉልበቱ ገፋው፣ እንቢ። ሠራተኛዋ የካርድ ማንበቢያዋን አነሳች። ሰውዬው ግን አልደነገጠም። ወለሉ ላይ ተንበረከከና ሻንጣውን ከፈተ። አንድ ሸሚዝ አወጣና በለበሰው ላይ ደረበ። ሁለተኛ ደረበ። ሦስተኛ። ሱሪ በሱሪ ላይ አጠለቀ። በዚያ ሁሉ ላይ የዝናብ ልብስ። የዝናብ ልብሱ ግራ ኪስ ውስጥ አንድ ጫማ፣ ቀኝ ኪስ ውስጥ ሌላኛው። ካልሲዎቹን ደረቱ ውስጥ ወሸቀ። ወፍራም መጽሐፍ ከቀበቶው ሥር ሰካ። የስልክ ቻርጀሩን አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ሲጨርስ እጆቹ ወደ ታች አልወርድ አሉት። ሁለቱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ቆመ፤ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የሚነሳ ነው የሚመስለው። ሻንጣዋ እጥፍጥፍ ብላ ሳጥኑ ውስጥ ዘው አለች።

"መልካም በረራ!" አለችው ሠራተኛዋ፣ ከልቧ።

አጋጣሚ ሆኖ ጎኔ ተቀመጠ። በሩ ሳይዘጋ መፍታት ጀመረ። የዝናብ ልብሱን፣ ሸሚዞቹን፣ መጽሐፉን፣ ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያጣጠፈ ወደዚያችው ሻንጣ መለሰ። ሻንጣዋ እንደገና ወፈረች። አናታችን ላይ ያለው መደርደሪያ ውስጥ ወረወራት፤ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። አንድ ግራም አልቀነሰም እኮ! አውሮፕላኑ የተሸከመው ያንኑ ሸሚዝ፣ ያንኑ ጫማ ነው።

"ቤት ተለማምጄ ነው የመጣሁት" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "ድሮ አራት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አሁን ሁለት ተኩል ገብቻለሁ።"

የእጅ ሻንጣ ላይ እንኳ ሕግ አለ ትሉ ይሆናል። አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ የሆነ የእጅ ሻንጣ የጉዞው አካል ነው፣ ለብቻው አይከፈልበትም ብሏል። ታዲያ "ምክንያታዊ" ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ሳጥኑን የሚያሠራው ያውቃል።

መቀመጫም እንዲሁ ነው። አትክፈሉ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። አፑ ራሱ ይመርጥላችኋል፤ ምርጫውም ሁሌ የመሃል ወንበር ነው። ከወንበር ወንበር ያለው ርቀት ድሮ 89 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ጋ 71 ደርሷል። ጉልበታችሁ ካስቸገራችሁ ግን "ሰፊ የእግር ቦታ" የሚባል ነገር ይሸጥላችኋል። ከራሳችሁ ላይ የተቆረጠውን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። በዚያው በረራ አንዲት እናት ነበረች። ልጇ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እሷ 7ኛ ረድፍ፣ ልጁ 22ኛ። ሕፃኑ ሁለት የማያውቃቸው ጎልማሶች መሃል ቁጭ ብሎ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ስትለምን የተሰጣት መልስ "አስቀድመው መቀመጫ መግዛት ይችሉ ነበር" ነው። ይሄ አገልግሎት አይደለም። ምርጫም አይደለም። ልጅን መያዣ አድርጎ ገንዘብ መጠየቅ ነው። ይህን ያሰላው ሰው ቤቱ ገብቶ የራሱን ልጅ እንዴት እንደሚያቅፍ አይገባኝም። ቦታ የለቀቀላት አንድ ሽማግሌ ነው። ለመስኮቱ ዳር ወንበር የከፈለው ገንዘብ አልተመለሰለትም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን።

ስለ ኢሜይላቸው ሳላነሳ አላልፍም። "በረራዎ ተሻሽሏል!" ይላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የነበረው ወደ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተሻሽሏል። እኔ ቀን ብለውጥ መቀጫ አለው። እነሱ ሲለውጡ ማሻሻያ ነው። የሰዓታት ለውጥ ሲመጣ ብዙ ቦታ ገንዘብ የማስመለስ መብት አለ፤ ኢሜይሉ ግን ትልቁን አረንጓዴ ቁልፍ የሰጠው "ተቀብያለሁ" ለሚለው ነው። "ገንዘቤን መልሱ" የሚለው ከሥር፣ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል።

ደግሞ ሁሌ አንድ ተከራካሪ አይጠፋም። "ርካሽ ቲኬት ገዝተህ ምን ልትጠብቅ ነበር?" ይላችኋል፣ የራሱ አየር መንገድ ያለው ይመስል። ወዳጄ፣ ርካሹን ቲኬት እኔም አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። አምስተኛው ገጽ ስደርስ ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ብቻ ደረስን። ሻንጣዬን ልቀበል መጠበቂያው ጋ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ያ ሰውዬማ ሦስቱንም ሸሚዝ ይዞ ቀድሞኝ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ የኔዋ ብቻዋን እየተንገዳገደች መጣች። አነሳኋት። ሁለቱም ጎማዎቿ የሉም።

ቤት ገብቼ ሜትር አወጣሁና ለካኋት።

ልክ ናት።