ቢጫዋ ቁልፍ ትባረክ

ምርጫ ሲቃረብ የስዊድን ፓርቲ አስቀድሞ የሚያሳውቀው ምን እንደሚሠራ ሳይሆን ከማን ጋር አንድ ገበታ እንደማይቀርብ ነው። የጡረታውና የመብራቱ ጉዳይ ይደርሳል። ስምንት ፓርቲ በተቀመጠበት ምክር ቤት ሁሉም የየራሱን ኩርፊያ ይዞ ሲመጣ፣ መንግሥት መመሥረት የሠርግ ቤት መቀመጫ ከመደልደል ይብሳል። እንዲህ ያለ የመርህ ሰው ከወዴት ይገኛል! የመሀል ፓርቲ የቀድሞ መሪ አኒ ሎፍማ የያኔው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ መሪ ስቴፋን ሎቬን ደጋፊ ከምሆን ጫማዬን ብበላ ይሻለኛል እስከማለት ደርሰዋል።

ደግነቱ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ለማለ ሰው ያዝናል። ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የታጨ ሰው ከ349ኙ እንደራሴዎች አብላጫ ድጋፍ የማግኘት ግዴታ የለበትም፤ 175 ሰው «አይሆንም» ካላለው ተሾመ ማለት ነው። በእንደራሴው ፊት ደግሞ ሦስት ቁልፍ አለ፦ አረንጓዴው አዎ፣ ቀዩ አይሆንም፣ ቢጫው ድምፀ ተአቅቦ። (ቀለሞቹን ለሐበሻ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።) ቢጫ የተጫነ ሰው አልደገፈም፤ እንዳይሾምም አልከለከለም። ዝም አይነቅዝም ያሉ አባቶች ስቶክሆልምን ያዩ ይመስላል።

የ2018ቱን ምርጫ እንመልከት። ግራው 144 መቀመጫ፣ የቀኙ ኅብረት 143፣ በጸረ ስደተኛ አቋሙ ሁሉም ሲሸሸው የኖረው የስዊድን ዴሞክራቶች ፓርቲ 62። ኖቬምበር ላይ የቀኙ ኅብረት ትልቅ ፓርቲ የሆነው የሞደራቶቹ መሪ ኡልፍ ክሪስተርሾን ቀረቡ። የገዛ ኅብረታቸው አባላት፣ የመሀል ፓርቲና ሊበራሎች፣ «በ62ቱ ትከሻ ልትቆም ነው» ብለው ቀይ ተጫኑባቸው፤ 195 ለ154 ወደቁ። ዲሴምበር ላይ ሎቬን ቀረቡ፤ 200 ቀይ። አፈ ጉባኤው ያቀረቧቸው ዕጩዎች አራት ጊዜ ከወደቁ ግን ምርጫው ይደገማል። ምክር ቤት ለመግባት በሚጠየቀው የ4 በመቶ ድምፅ ደጃፍ ላይ ለሚንገዳገድ ፓርቲ ደግሞ ከድጋሚ ምርጫ ይልቅ መርህን ማለስለስ ይቀላል።

ጃንዋሪ 18 ቀን 2019 ሎቬን በ115 አረንጓዴ፣ በ153 ቀይና በ77 ቢጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መንግሥት እስኪመሠረት 134 ቀን ፈጀ። ከቢጫዎቹ ውስጥ የመሀል ፓርቲና ሊበራሎች ይገኙበታል። ጫማው እግር ላይ ቀረ፤ ቢጫ መጫን መደገፍ አይደለማ! የግራ ፓርቲም ቢጫ ተጭኗል፤ ያውም የሎቬን ወገን ከመሀል ፓርቲና ከሊበራሎች ጋር በተስማማበት ባለ 73 ነጥብ ውል ውስጥ በአገሪቱ ፖለቲካ አቅጣጫ ላይ ተጽዕኖ እንዳይኖረው በስሙ ተጠቅሶ ተጽፎበት ሳለ። ሰርጉ ላይ አትምጣ፣ በሩን ግን ክፈትልን እንደማለት ነው። እሱም ከፈተ። የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲነሣ በ2021 ጁን ያንኑ በር ዘጋው፤ 181 ድምፅ ሎቬንን በመተማመኛ ድምፅ የወደቁ የመጀመሪያው የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጋቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው በቢጫ ተመለሱ።

የጥበቡ ጣሪያ ግን ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ታየ። ጠዋት ሎቬንን የተኩት የሶሻል ዴሞክራቷ ማግዳሌና አንደርሾን በ117 አረንጓዴ፣ በ174 ቀይና በ57 ቢጫ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ቀይ ቢጨመር አበቃ ነበር። የመሀል ፓርቲ ሴትዮዋን በቢጫ አሳለፈና በጀታቸውን ከለከለ፤ ምክንያቱም ከግራ ፓርቲ ጋር በጡረታ ተስማምተው ነበር፤ የግራ ፓርቲ እጅ የነካውን ደግሞ አይቀምስም። ተሲያት ላይ የተቃዋሚዎቹ በጀት ጸደቀ። የጥምር መንግሥቱ አጋር የነበረው አረንጓዴ ፓርቲ በዚያ በጀት አላስተዳድርም ብሎ ከጥምረቱ ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም ሰባት ሰዓት ያህል እንደቆዩ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በቀጣዩ ሰኞ በ101 አረንጓዴ ተመልሰው ተሾሙ፤ ድጋፍ ባነሰ ቁጥር ወንበር ይጸናል።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022፣ እዚያ ያለው ወገናችን እንቁጣጣሽን በሚያከብርበት ቀን፣ ቀኙ 176 ለ173 አሸነፈ። ከቀኙ ትልቁ ያ የተሸሸው ፓርቲ ሆነ፤ 73 መቀመጫ። ሊበራሎች በ4.6 በመቶ ድምፅ ሚኒስትሮች አገኙ። ባለ 73ቱ አንድም ሚኒስትር አልተሰጠውም፤ የአዲሱ መንግሥት መመሪያ በሆነው በቲዶ ስምምነት 62 ገጽ ላይ ግን አብሮ ፈረመ። ከእሱ ጋር ካቢኔ አንቀመጥም ያሉት ያኔ ቃላቸውን ጠበቁ። የፓርቲው ሰዎች ቢሮ የተሰጣቸው በመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ብቻ ነው።