ወረቀቱ ከዳዊቱ መካከል ነበር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ቡና ስንጠጣ አንዱ ወዳጃችን ወሬ ይዞ መጣ። የእህቱ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ልትዳር ነው፤ ተክሊሉን የሚፈጽሙላት ከዚሁ ከጎንደር የሄዱ ቄስ ናቸው። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግን የክህነት ማስረጃ ካላቀረቡ ማጋባት አይችሉም ብሏቸዋል።

«ጳጳስ እጁን ጭኖ የሾመውን ጸሐፊ ሊመረምረው?» አሉ በዕድሜ የሚበልጡን። «በጎንደር ነገሥታት ዘመን ጳጳሱ አንድ፣ እሱም ከግብፅ የመጣ ነበር። ድቁና የፈለገ ከየአገሩ በእግሩ እዚህ ጎንደር፣ ጳጳሱ ወደሚኖርበት አቡን ቤት ይመጣል። ማን ወረቀት ጠየቀው?»

አቋቋም የተማረው ጎረቤቴ በአክብሮት፣ ግን ጠንከር ብሎ መለሰ። «ጋሼ፣ ያኔ አብረውት የተጓዙት ይመሰክሩለታል። ቨርጂኒያ ላይ ማን ይመስክር? ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ አንቀጽ 20-23 የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መሾማቸውንና ዛሬም ከቤተ ክርስቲያናቸው ኅብረት አለመለየታቸውን። ሚስቱ ሞታበት ሌላ ያገባ ቄስ ክህነቱ ይቀራል። እዚህ ቢሆን ሰፈሩ ያውቃል፤ እዚያ መስቀሉን ያየ ሁሉ ተሳልሞ ያልፋል።»

ባለወሬው አልተዋጠለትም። እዚያው ሕግ ላይ፣ አጋቢው ሥልጣን ያልነበረው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሙሽሮቹ በሕግ ተጋብተናል ብለው ከልብ ካመኑ ጋብቻው በዚህ ብቻ አይፈርስም ተብሏል። «ታዲያ ካልፈረሰ ሰውየውን ማንገላታቱ ለምንድን ነው?»

እኔን የቆረቆረኝ ይኼ ነው። በመንግሥት ፊት ጋብቻው ይጽና። ተክሊሉስ? ቁርባኑስ? ክህነት በሌለው እጅ የቆረቡ ልጆች ኋላ እውነቱን ቢሰሙ የትኛው ፍርድ ቤት ያጽናናቸዋል? ስለዚህ ምርመራውን እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ከጸሐፊው በፊት እኛ ቤተሰቦች ልንጠይቀው የሚገባ ነበር። ለእውነተኛ ካህንም ውርደቱ አይታየኝም፤ እኒህም አባት አልተቆጡም፣ ወረቀታቸውን ፈልገው አወጡ እንጂ።

ወዳጃችን ፎቶውን በስልኩ አሳየን። ከዳዊታቸው መካከል የኖረ ወረቀት ነው። መታጠፊያው ነትቧል፣ የክቡ ማኅተም ግማሹ ደብዝዟል። መሾማቸውን ይናገራል፤ ዛሬ ማገልገላቸውን ግን አይናገርም። «ይኼኛውን የሚጽፍላቸው አሁን ያሉበት ሀገረ ስብከት ነው» አልኩት። የጋብቻ ፈቃዱ ከወጣ 60 ቀን ካለፈው አይሠራምና፣ ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ ለእህቱ ልጅ ጻፈላት።