ፓራፋንጎ ያለው ይቅደም

ደረቅ ቀን የብስክሌት ክለባችን ጨዋነት ለጉድ ነው። "አንተ ቅደም!" "ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም!" ከፊት ያለው ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ከኋላ ያለው በሰው ጉልበት ይሄዳል። ትሕትናው የመጣው ከዚያ ነው።

ዝናብ ሲሆን የፊተኛው ጎማ ጭቃውን አንስቶ ቀጥታ ተከታዩን ያጎርሰዋል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ይሄኛው ሃያም ቢሆን ያጣላል።

ከጎማው በላይ ሆኖ ጭቃውን የሚመልሰውን ፓራፋንጎ ማን ፈታው? ራሳችን። "ያከብዳል፣ ፎቶ ያበላሻል" ብለን። ያልፈቱት ጡረተኛው መምህር ብቻ ናቸው። ጥቁሯ ብስክሌታቸው ከፊትም ከኋላም ፓራፋንጎ አላት። የኋለኛው ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በሽቦ ታስሯል። በጋውን ሙሉ "ጋሼ፣ ይቺን ለሙዚየም ይስጧት" ሲባሉ ከረሙ።

በሐምሌ አንድ እሑድ ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት ልንነዳ ተነሣን። ጣና ላይ ደመናው ተደፍቷል። ሁሉም አየው። ሁሉም "ያባራል" አለ። እንቅር ማለት የፈለገም "ፈራ" መባሉን ፈራ።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው። መጠለያ ግን የለውም። መሀሉ ላይ ስንደርስ ዶፉ ወረደ። ፍሬን ብትይዝም ዋጋ የለው፤ ላስቲኩ የረጠበ ቸርኬ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም።

ማዶ ስንደርስ ያ ሁሉ ጉልበተኛ ጋሼ ኋላ ተሰልፏል።

"ጋሼ፣ ይቅደሙ እንጂ!"

"እርስዎ እያሉማ!"

ከኋላቸው የመጀመሪያዋን ቦታ ለመያዝ በክርን ተጋፋን። ገሳ የደረበ እረኛ ቆሞ አየን። እሱ ደረቅ ነው። ይሳቅ አይሳቅ ከገሳው ውስጥ አይታይም።

ጋሼ ደወላቸውን እያቃጨሉ፣ በራሳቸው ፍጥነት ይነዳሉ። ትንሽ ሄደው ዞሩ። ዞርን። ድልድዩን መልሰው ተሻገሩ። ተሻገርን። "ወዴት ነው?" ያለ የለም፤ ለመጠየቅ ጎን ለጎን መሆን አለብህ፣ ቦታህን ደግሞ ሌላው ይወስድብሃል። አንድ ቅያስ ውስጥ ገቡ። ገባን። ቆርቆሮ በር ፊት ቆመው ደወሉን መቱ።

ባለቤታቸው ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ከፈቱ። ደጁ ላይ ጭቃ የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ፣ ዝም ያለ ሰው ሞልቷል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ወይኔ! ማን ሞተ?"