«የሴት መጽሐፍ» ማለታችንን እንተው

አንዲት የ10 ዓመት ልጅ መስኮት ሥር እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ቀዩን መጋረጃ ስባ ራሷን ከቤቱ ሰው ሸሽጋለች። ወላጆቿ ሞተዋል። የምትኖረው በሟች አጎቷ ሚስት ቤት ነው። ውጭው ብርድና ዝናብ ነው። እሷ ግን ስለ ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሥዕል ሥዕሉን እያየች፣ ደስ ብሏታል። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው መጥቶ እንዳያቋርጣት።

መጣ። የቤቱ ወንድ ልጅ ነው፣ 14 ዓመቱ። መጽሐፎቻችንን የምትነኪው በምን መብትሽ ነው አላት። አንቺ ጥገኛ ነሽ፣ መጽሐፎቹ የእኔ ናቸው አላት። ሂጂ በሩ ጋ ቁሚ አላት። ቆመች። ያንኑ መጽሐፍ አንስቶ ወረወረባት። ወደቀች። ጭንቅላቷ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ደማ።

«ጄን ኤር» የሚባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ልጁ ያናድደኝ ነበር። እንዴት ሰው ከሚያነብ ልጅ እጅ መጽሐፍ ይነጥቃል? እል ነበር።

ባለፈው ግን እኔው ነጠቅሁ።

የእህቴ ልጅ ነው። 12 ዓመቱ ነው። ቤት መጥቶ መደርደሪያው ፊት ቆመና «ዘ ሀንገር ጌምስ»ን ሳበው። ጀርባውን ማንበብ ጀመረ። አስቤበት እንኳን አይደለም፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ «እሱ የሴት ልጅ ታሪክ ነው፣ ቆይ የወንድ ልፈልግልህ» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። መጽሐፉን ከነበረበት ቦታ ቀስ ብሎ ሰካው። እጁን ኪሱ ከተተ። የመረጥኩለትን ሌላ መጽሐፍ «እሺ» ብሎ ተቀበለኝ፣ ሲሄድ ግን ሶፋው ላይ ትቶት ሄደ።

ነገሩ የከነከነኝ ማታ ነው። ለልጁ ምን አልኩት? ጄንን የመታት ልጅ ያላትን ነው ያልኩት። ይሄ ያንተ አይደለም፣ አትንካው። መጽሐፍ አልወረወርኩም፣ ማንም አልደማም። ግን በሩ ጋ አቁሜዋለሁ። ደግሞ እኔ ራሴ ሴት ነኝ። ያሳደጉኝ እነዚሁ ታሪኮች ናቸው። የሚወዱኝ ወንዶች ሁሉ ባነበቡልኝ ብዬ የተመኘኋቸው ታሪኮች ናቸው።

ወገኖቼ፣ ይህን አደባባይ ያወጣሁት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለማውቅ ነው። እናትና አባት ታደርጉታላችሁ። አስተማሪዎች ታደርጉታላችሁ። ለልደት መጽሐፍ የምትገዙ አጎቶችና አክስቶች ታደርጉታላችሁ። ለሴቷ ልጅ ጀግና ሴት ያለችበትን ፈልገን እንሰጣታለን፣ በራስ መተማመን እንዲኖራት ብለን። ደግ አደረግን። ወንዱ ያንኑ መጽሐፍ ሲያነሳ ግን ቀሚስ ያነሳ ይመስል እንደነግጣለን። ሴት ልጅ ስለ ወንድ ባሕረኛ፣ ስለ ወንድ ንጉሥ፣ ስለ ወንድ መርማሪ እያነበበች ስታድግ «ይሄ የወንድ ነው» ብሎ የነጠቃት የለም። እንዲያውም አንባቢ ልጅ ተብላ ትመሰገናለች። ለምን ነው ታዲያ መንገዱ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚሄደው?

ነገሩ የቆየ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ በ20 ዓመቷ ግጥሞቿን ለታወቀው ገጣሚ ለሮበርት ሳውዚ ልካለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 መልስ ጻፈላት። ሥነ ጽሑፍ የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም፣ መሆንም የለበትም አላት። ከ10 ዓመት በኋላ «ጄን ኤር» ሲወጣ መጽሐፉ ላይ የነበረው ስም ከረር ቤል ነው። የሴት ይሁን የወንድ የማይለይ ስም፣ ታስቦበት የተመረጠ። ያ ዘመን ሩቅ ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያው የሀሪ ፖተር መጽሐፍ ሊታተም ሲል አሳታሚዎቹ ደራሲዋ ጆአን የሚለውን ስሟን ትታ በፊደላት ብቻ እንድትወጣ ጠየቋት። ወንዶች ልጆች ሴት የጻፈችውን አያነቡም ብለው ሰግተው ነው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የሆነችው በዚህ ነው። «ኬ» እንኳን የራሷ አልነበረችም፤ ካትሊን ከሚለው ከአያቷ ስም የተዋሰቻት ናት።

በሁለቱ መካከል 150 ዓመት አለ። ልጆቹስ ምን አደረጉ? ሴት መሆኗን ካወቁም በኋላ ማንበባቸውን ቀጠሉ። የፈራው ትልቅ ሰው ነበር። ዛሬም የሚፈራው ትልቅ ሰው ነው።

«ወንድ እኮ በተፈጥሮው ስለ ሴት ማንበብ አይወድም» የምትሉኝ አላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አቴና ውስጥ፣ ሶፎክሊስ «አንቲጎኔ» የሚባለውን ተውኔት ጻፈ። ንጉሡ የአንቲጎኔ ወንድም እንዳይቀበር አዋጅ ሲያስነግር፣ አዋጁን ጥሳ አፈር የምታለብሰው እሷ ናት። ሞት እንደሚጠብቃት እያወቀች። ጸሐፊው ወንድ ነው። መድረክ ላይ የወጡትም ወንዶች ናቸው፤ አንቲጎኔን ራሷን የተጫወታት ጭምብል ያጠለቀ ወንድ ነው። እነዚያን ሰዎች ያላሳፈራቸው ነገር የ12 ዓመት ልጅ የሚያሳፍረው እኛ ስላሳፈርነው ነው።

ልጆቹ ምን እንደሚቀርባቸው ደግሞ ስሙኝ።

ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ውስጥ አንድ ሚስተር ኮሊንስ የሚባል ቄስ አለ። ኤልዛቤትን ሊጠይቃት ይመጣል። ለምን ማግባት እንደፈለገ ምክንያቱን በተራ በተራ ይደረድርላታል። እሷም በጨዋ ደንብ አመስግና እምቢ ትለዋለች። እሱ ግን አይደነግጥም። ፈገግ ብሎ፣ ሴቶች በልባቸው የፈለጉትንም ሰው መጀመሪያ እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ ይላታል። አንዳንዴ ሁለቴ፣ ሦስቴም ይላሉ ይላታል። ደግማ እምቢ ትለዋለች። አሁንም አያምናትም። መጨረሻ ላይ፣ ልታሾፍብህ የመጣች ወይዘሮ አድርገህ አትየኝ፣ እውነቱን ከልቧ የምትናገር አእምሮ ያላት ሰው አድርገህ እየኝ ትለዋለች። እሱ ያኔም ይህንን የመሽኮርመም ምልክት አድርጎ ነው የሚወስደው።

እስቲ ይህን ትዕይንት አንድ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ ከኤልዛቤት ጎን ተቀምጦ ያንብበው። «እምቢ» ስትል ሰምቷል። ሰውዬው አለመስማቱን አይቷል። በንዴት ገጹን ይገልጣል። እምቢታዋ ደግሞ በነጻ የመጣ አይደለም። አባቷ ሲሞት ቤቱ በውርስ ሕግ የሚተላለፈው ለዚሁ ሰው ነው። እሷ፣ እናቷና አራት እህቶቿ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እምቢ ያለችው። የሴት ልጅ «አይሆንም» ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሲነገርም አይሆንም ማለት መሆኑን፣ ለወንዶች ልጆቻችን በቃል ስንመክር እንውላለን። ምክር አንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ከእሷ ጋር ሆኖ የዋለ ልጅ ግን ነገሩን በራሱ ላይ እንደደረሰ ያውቀዋል። ይህን ከልጁ እጅ ስንወስድ ምን እንደወሰድን ቆም ብለን እናስብ።

ሌላም የምንገሣጽበት ነገር አለ። ስለ ጠንካራ ሴት ስናወራ ምን እንደምንል አስተውሉ። «ወንድ ናት» እንላለን። «ወንዳታ!» እንላለን። ጉብዝናዋን ለማመስገን ከራሷ አውጥተን ለወንድ እንሰጠዋለን። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ያለው አንደበት ሊያሞግሳት ሲፈልግም ለሴቷ የራሷ ቃል ያጣል። ለአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመውን ታሪክ ተመልከቱ። ጦቢያ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ መንገድ ስትገባ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ለዚያ መንገድ ልብሱ መከለያ ነበር፣ ይገባኛል። የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲህ ይህን ሁሉ ዘመን ቆጥረን ጀግኒቶቻችንን በቃላችን የወንድ ልብስ ማልበሳችንን አለመተዋችን ነው።

ከዚህ የተነሳ ጠንካራ ሴት ሲባል ቀስትና ሰይፍ ይታየናል። ስለ «ዘ ሀንገር ጌምስ» ባለታሪክ ስለ ካትኒስ ጠይቁ፣ ሁሉም ቀስቷን ያነሳል። ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ቀስት የሌለበት ቦታ ነው። ልጆች እርስ በርስ ወደሚጋደሉበት ጨዋታ የሚላከውን የሚለየው ዕጣ ወጣ። የ12 ዓመት ታናሽ እህቷ የፕሪም ስም ተጠራ። ካትኒስ 16 ዓመቷ ነው። በእሷ ፋንታ እኔ እሄዳለሁ ብላ ወጣች። ፕሪም እየጮኸች ተጠመጠመችባት። ካትኒስ በቁጣ ልቀቂኝ አለቻት። የተቆጣችው እንባዋ ስለመጣባት ነው። በቴሌቪዥን ስታለቅስ ከታየች ደካማ ናት ብለው እንደሚያነጣጥሩባት ታውቃለች። ያቺን ቁጣ ያየ ልጅ፣ ፊቱን አጨማዶ እንባውን የሚውጥ ልጅ፣ ራሱን ያያል። ወንድ አያለቅስም እያልን ያሳደግነው ልጅ ማለቴ ነው።

ጄን ኤር ደግሞ ሰይፍ ቀርቶ ካፖርት እንኳን በቅጡ የላትም። ድሃ ናት፣ አጭር ናት፣ መልኳ ለዓይን አይሞላም፤ ራሷ ናት እንዲህ የምትለው። የምትወደውን ሰው ልታገባ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳለ በሕይወት ያለች ሚስት እንዳለችው ተሰማ። ሰውየው አብረሽኝ ኑሪ ብሎ ለመናት። ማን ያውቅብሻል፣ ማን ይከፋብሻል አላት። ዘመድ የላት፣ ጠያቂ የላት። እሷ ግን የሚያስብልኝ ባጣሁ ቁጥር ራሴን ይበልጥ አከብራለሁ ብላ ጎህ ሳይቀድ ወጣች። የያዘችው 20 ሽልንግ ነበር፣ እሱን ለሠረገላው ከፈለች። ጓዟን እዚያው ሠረገላው ላይ ረሳችው። ሜዳ ላይ አደረች። በኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ የቀዘቀዘ ገንፎ ለአሳማ ልትደፋ ስትል አየቻትና ትሰጪኛለሽ? አለቻት። የልጅቷ እናት ከውስጥ ሆና፣ ለማኝ ከሆነች ስጫት፣ አሳማው አይፈልገውም አለች። ጄን በላችው። ያን ያህል ተርባም ወደ ሰውየው ቤት አልተመለሰችም።

ጥንካሬ ይህ ነው። «ወንዳታ» አይገልጸውም።

እኛ አንባቢዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። ሉዊዛ ሜይ አልኮት እ.ኤ.አ. በ1868 «ሊትል ዊመን»ን ስታወጣ ጆ ደራሲ መሆን የምትፈልግ ልጅ ነበረች። እናቷ ወደታመመው አባቷ መሄጃ ገንዘብ ሲቸግራት ጸጉሯን በ25 ዶላር የሸጠች፣ ሌሊት ደግሞ ለጸጉሯ ተደብቃ ያለቀሰች ልጅ። አንባቢዎች መጽሐፉን ወደዱት። ከዚያ ደብዳቤ ጎረፈ። ስለ ድርሰቷ አልጠየቁም። ማንን ነው የምታገባው? አሉ። አልኮት እኔ እንደሆንኩ ለማንም ደስታ ብዬ ለጎረቤቷ ልጅ ለሎሪ አልድራትም ብላ ተቆጣች። እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ አላገባችም። ጆም እንደዚያው ሳታገባ እንድትቀር ፈልጋ ነበር። መጨረሻ ግን በሁለተኛው ክፍል ለአንድ በዕድሜ ለገፋ ፕሮፌሰር ዳረቻት። ትዳር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ልጅቷ ምን ልትሠራ እንዳሰበች ሳንጠይቅ ለማን እንደምትዳር የጠየቅነው እኛ ነን ነው የምለው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋን ሰብለወንጌልንም ስናነሳ ውበቷን ነው የምናወራው። በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ወጥታ መንገድ የጀመረችውን ሴት ስንቶቻችን ነን የምናስታውሳት?

እባካችሁ፣ ተዉ። ወንድ ልጅ መደርደሪያው ፊት ሲቆም እጃችሁን ሰብስቡ። ሽፋኑ ላይ ሴት ካለች ምንም አትበሉ። ክፍል ውስጥ መጽሐፍ የምታከፋፍሉ አስተማሪዎች፣ ለወንዶቹ ይሄን ለሴቶቹ ያንን አትበሉ፤ ጄንን ለሁሉም ስጡ። አባቶች በተለይ እናንተን እለምናለሁ። ልጃችሁ እያያችሁ አንብቧቸው። እኔ ሺህ ጊዜ ከምናገር አባቱ አንድ ምሽት ኤልዛቤትን ይዞ ቢታይ ይሻላል።

እኔ ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። ያን ቀን ያልኩህ ልክ አልነበረም፣ አጥፍቻለሁ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «መጽሐፉ አሁንም አለ?» አለኝ። ቅዳሜ ወሰድኩለት። አሁን የተከታታዩ ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ደርሷል። ትናንት ማታ፣ መተኛት በነበረበት ሰዓት፣ ደወለልኝ።

«አክስቴ፣ ፕሪም ግን ትተርፋለች አይደል?»

አንብብ አልኩት።